«አላይድ»፦ ስለ ፊልሙ የሚባለውና እውነታው

የጦርነት ዘመን የስለላ ፊልም በጣም እወዳለሁ። «አላይድ» እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣም ብዙ ጠብቄ ነበር። ዳይሬክተሩ ሮበርት ዜሜኪስ፣ ተዋናዮቹ ብራድ ፒትና ማሪዮን ኮቲያር ናቸው። ታሪኩ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፦ በ1942 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ማክስ የተባለ ካናዳዊ መኮንንና ማሪያን የምትባል ፈረንሳዊት አርበኛ በሞሮኮዋ ካዛብላንካ ውስጥ የጀርመንን አምባሳደር ይገድላሉ። ከዚያ ለንደን ገብተው ይጋባሉ፣ ልጅ ይወልዳሉ። አንድ ቀን አለቆቹ ማክስን ይጠሩትና ሚስቱ የጀርመን ሰላይ ሳትሆን እንደማትቀር ይነግሩታል። ከተረጋገጠ የሚገድላት እሱ ራሱ ነው።

«እውነተኛ ታሪክ ነው» የሚሉ አሉ። ደራሲው ስቲቨን ናይት በወጣትነቱ ከሰው የሰማው ታሪክ እንደሆነ ተናግሯል። ይሄ ግን ማስረጃ አይሆንም። አምባሳደር ደግሞ ካዛብላንካ ምን ይሠራል? ሞሮኮ ያኔ በፈረንሳይ ሥር ነበረች፤ ዋና ከተማዋም ራባት ናት።

«የተያዘ ሰላይ ወዲያው ይገደላል» የሚለው ግን ትልቁ ስህተት ነው። ፊልሙ የቆመውም በእሱ ላይ ነው። የብሪታንያው የጸረ-ስለላ መሥሪያ ቤት ኤምአይ5 የያዛቸውን የጀርመን ሰላዮች፣ ከተመቸው፣ ገልብጦ ለራሱ ያሠራቸው ነበር። በእነሱ በኩል በርሊን የሐሰት ወሬ ይደርሳታል። ሞት የተፈረደባቸውም ነበሩ፤ ግን ችሎት ቀርበው ነው። በ1941 ለንደን ታወር ውስጥ የተረሸነው ዮሴፍ ያኮብስ አንዱ ነው።

ለማሪያን የሚቀርበው የእውነት ታሪክ የማቲልድ ካሬ ነው። ፈረንሳዊት አርበኛ ነበረች። ጀርመኖች ሲይዟት ለእነሱ መሥራት ጀመረች። በ1942 ለንደን ገባች፤ እንግሊዞችም አሰሯት እንጂ አልገደሏትም። ከጦርነቱ በኋላ ፈረንሳይ ሞት ፈረደችባት፣ ቅጣቱ ተቀየረላት፣ በ1954 ተፈታች።

«ሴት ሰላይ ሥራዋ ወንድ ማማለል ነው» የሚለውም ያናድደኛል። የብሪታንያ ሰላይ የነበረችው ኑር ኢናያት ካን በ1943 ፓሪስ ውስጥ በሬዲዮ መልእክት ታስተላልፍ ነበር። በ1944 ጀርመኖች ዳኻው ማጎሪያ ካምፕ ውስጥ ገደሏት።

«ፊልሙን ያበላሹት ተዋናዮቹ ናቸው» ይባላል። አልስማማም፣ በተለይ ኮቲያር ድንቅ ናት። ጥፋቱ የድርሰቱ ነው። አለቆቹ ሚስቱን ለመፈተን ለማክስ የሐሰት መልእክት የሚሰጡበት ትዕይንት ልብ ያንጠለጥላል። ከዚያ በኋላ ግን ፊልሙ ባልየውን ብቻ ተከትሎ ይሮጣል። ኤምአይ5 እንዲህ ያለች ሴት ቢያገኝ ገልብጦ ሊያሠራት ይሞክር ነበር። ባልና ሚስት አንድ ቤት ተቀምጠው፣ እየተጠራጠሩ፣ አብረው በርሊንን ሲያታልሉ ማየት እፈልግ ነበር።