የዒላማ ተኩስ ውድድር ደንብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከታች ያሉት ልኮች ዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን (አይኤስኤስኤፍ) ለጠመንጃና ለሽጉጥ ያወጣቸው ናቸው። ደንቡ በየጊዜው ስለሚሻሻል ከውድድር በፊት የወቅቱን ቅጂ ይመልከቱ።

«ደንቡ በስም ያልከለከለው ሁሉ ይፈቀዳል»

ብዙ ተኳሽ የሚቀጣው በዚህ አስተሳሰብ ነው። ደንቡ ያላግባብ ብልጫ የሚሰጥንና ከመንፈሱ ጋር የሚጋጭን መሣሪያ ወይም ልብስ ሁሉ ይከለክላል፤ በስም መጠቀሱ ግዴታ አይደለም። እግርን፣ ወገብን ወይም ክንድን እንዳይንቀሳቀስ የሚያግድ ነገርም አይፈቀድም። «ጡንቻዬን አሞኝ ነው» ብሎ የሕክምና ፕላስተር መለጠፍም እዚሁ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ «የት ላይ ነው የተከለከለው?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «ይህ ነገር ምን ይጠቅመኛል?» የሚለው ይቅደም። መልሱ «ሰውነቴን ያረጋጋልኛል» ከሆነ ወደ መሣሪያ መቆጣጠሪያው ክፍል ይዘውት ይሂዱ።

«የምላጭ ክብደት ቤት ውስጥ ከተለካ ያልቃል»

የምላጭ ክብደት ማለት ምላጩ እንዲለቅ የሚያስፈልገው ኃይል ነው። ዝቅተኛው ልክ ለ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ 500 ግራም፣ ለ25 ሜትር ሽጉጥ 1000 ግራም ነው። ለአየር ጠመንጃ ዝቅተኛ ልክ የለም።

በፍተሻው አፈሙዙ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይያዛል። ክብደቱ በምላጩ መካከል አካባቢ ይንጠለጠልና ከተቀመጠበት ወለል ይነሣል። ምላጩ ሳይለቅ ክብደቱ መነሣት አለበት። የሚፈቀደው ሙከራ ቢበዛ ሦስት ነው። የአየር ሽጉጥ የሚፈተነው አየሩ ተሞልቶ ስለሆነ ባዶውን ለክቶ መምጣት ያሳስታል። ሌላው የተለመደ ስሕተት ክብደቱን ወደ ምላጩ ጫፍ አስጠግቶ መስቀል ነው። ኃይሉ ከመዞሪያው ሲርቅ ጉልበቱ ስለሚበዛ ምላጩ በቀላሉ ይለቃል፤ ያኔ ተኳሹ ትክክለኛውን ምላጭ ሳያስፈልግ ያከብደዋል። በተቃራኒው ልክ 500 ግራም ላይ አስተካክሎ መምጣትም ቁማር ነው፤ ብሎኑ ትንሽ ከላላ ያልቅልዎታል። ጥቂት ግራም ትርፍ ይተዉ።

«ፍተሻውን አንዴ ካለፍኩ ማንም አይነካኝም»

ከውድድሩ በኋላ በዕጣ የተመረጡ ተኳሾች እንደገና ይፈተሻሉ። ያኔ የሽጉጡ ምላጭ ከልክ በታች ከተገኘ ከውድድር መሰረዝ ይመጣል፤ «ጠዋት አልፎ ነበር» ማለት አይጠቅምም። ካለፈ በኋላ መሣሪያውን መነካካትም ያው ነው።

«ጃኬቱ ቀጭን ከሆነ ችግር የለም»

የጠመንጃ ተኳሽ ጃኬት ጨርቅ በነጠላው ሲለካ ከ2.5 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ውፍረት ግን ግማሹ ብቻ ነው። ጨርቁ 60 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የመለኪያ ሲሊንደር ላይ ተዘርግቶ በ1000 ግራም ሲጫን ቢያንስ 3.0 ሚሊ ሜትር መስመጥ አለበት። ቀጭን ሆኖ ደረቅ የሆነ ጨርቅ እዚህ ላይ ይወድቃል። ሙቀትና እርጥበት ሲለዋወጡ ግትርነቱም ይለዋወጣል፤ ልክ 3.0 ላይ ያለ ጃኬት በማግስቱ ላያልፍ ይችላል። ሱሪውም በዚሁ ይመዘናል።

«5.5 ኪሎ የሚባለው የጠመንጃው ባዶ ክብደት ነው»

አይደለም። 5.5 ኪሎ የአየር ጠመንጃ ከፍተኛው ክብደት ነው፤ ማነጣጠሪያው፣ ተጨማሪ ክብደቶቹ፣ የተገጠመው ሁሉ አንድ ላይ ይመዘናል። የአየር ሽጉጥም ከነዕቃው ከ1500 ግራም አይበልጥም፤ በ420 × 200 × 50 ሚሊ ሜትር ሣጥን ውስጥም መግባት አለበት። እጀታውን በራሱ እጅ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው በ50 ሚሊ ሜትሩ ነው።

«ጥይት ሳይገባ አየር መልቀቅ ማንንም አይጎዳም»

ያለ ጥይት ምላጭ መሳብና አየር መልቀቅ የተለያዩ ናቸው። አየር ሳይለቅ ምላጭ የሚያሠራ ማብሪያ ያለው መሣሪያ በተኩስ መስመር ላይ በፈቃድ ይፈቀዳል። ከመጀመሪያው የውድድር ተኩስ በኋላ ግን ጥይት ሳይኖር አየር መልቀቅ ያስቀጣል። ማስጠንቀቂያ በቢጫ፣ የነጥብ ቅነሳ በአረንጓዴ፣ መሰረዝ በቀይ ካርድ ይገለጻል።

«አሠልጣኙ በሹክሹክታ ቢመክረኝ ማን ይሰማል?»

በምልክት መምከር ይፈቀዳል፣ በቃል አይፈቀድም። ተኳሹ መስመር ላይ እያለ የሚያነጋግረው ዳኞችንና የመስመር ኃላፊዎችን ብቻ ነው። ሌላ ሰው ማነጋገር ከፈለገ መሣሪያውን አራግፎ፣ የደኅንነት ባንዲራውን (መሣሪያው ባዶ መሆኑን የሚያሳይ፣ በቧንቧው ውስጥ የሚገባ ምልክት) አስገብቶ፣ ለኃላፊው አሳውቆ ይወጣል። በነገራችን ላይ የአየር መሣሪያ ባንዲራ ሙሉውን የቧንቧ ርዝመት ማለፍ አለበት፤ አጭር ቁራጭ ቧንቧው ባዶ መሆኑን አያሳይም።

«ውጤቱ ስሕተት መስሎ ከታየኝ በመጨረሻ እጠይቃለሁ»

በኤሌክትሮኒክ ዒላማ ላይ የአንድ ጥይት ዋጋ የሚጠየቀው ቀጣዩ ከመተኮሱ በፊት ነው። አንድ ጥይት ከጨመሩ ጊዜው አለፈ። ጥያቄው ተቀባይነት ካጣ 2 ነጥብ ይቀነሳል፤ ስለዚህ «ምናልባት» ብቻ ከሆነ ይቀጥሉ። ስክሪኑ ምንም ካላሳየ ግን ሌላ ጥይት ሳይተኩሱ ወዲያው ለኃላፊው ይንገሩ፤ ጥይቱ የሌላ ሰው ዒላማ ላይ አርፎ ሊሆን ይችላል፣ ያ ደግሞ እንደ መሳት ይቆጠራል።