የፕላስተር ግጥሚያ፣ ከደብረ ብርሃን ብርድ እስከ ሸዋ ሮቢት ሙቀት

የፕላስተር ግጥሚያ የቡድን ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ጥቅል ዳክት ቴፕ ይሰጠዋል፤ ያ ወፍራሙ፣ ብርማው፣ ጨርቅ ያለበት ፕላስተር። ከዚያ አንድ የማይረባ ነገር እንዲሠራ ይታዘዛል። ጓደኛውን ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፣ የፕላስተር ልብስ ይሠራል፣ ወይም ማጣበቂያው ወደ ውጭ የዞረ ፕላስተር ለብሶ እየተንከባለለ ወረቀት ይለቅማል። ቁም ነገር የለውም። ለትምህርት ቤት የወላጆች ቀን፣ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መዝናኛ ወይም ለፋብሪካ ሠራተኞች የስፖርት ቀን የሚመቸውም ለዚሁ ነው። ሰሜን ሸዋ ሦስቱም አይጠፉም። ግን ሰው ታስሮ የሚሳቅበት ጨዋታ ስለሆነ፣ ሜዳው ላይ የማይስቅ አንድ ሰው መኖር አለበት።

ዕቃው ራሱ የጦርነት ጊዜ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ቬስታ ስታውት የምትባል አሜሪካዊት እናት ኢሊኖይ ውስጥ በአንድ የጥይት ፋብሪካ ትሠራ ነበር። የጥይት ካርቶኑ የሚታሸገው በወረቀት ፕላስተር ነው፤ መክፈቻው ሲጎተት ተቀዶ ይቀራል። ወታደሩ ጥይቱን ለማውጣት ሲታገል በዓይነ ሕሊናዋ ታያት። ሁለት ልጆቿ ባሕር ኃይል ውስጥ ነበሩ። በጨርቅ ፕላስተር ይታሸግ ብትል አለቆቿ ነገሩን ዝም አሉት። እሷም በቀጥታ ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጻፈች። ሐሳቧ ተቀባይነት አገኘ፣ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰንም ማምረት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1970 ወደ ጨረቃ ይጓዝ የነበረው መንኮራኩር አፖሎ 13 ሲበላሽ ጠፈርተኞቹ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጣሪያቸውን ያገጣጠሙት በዚሁ ፕላስተር፣ በላስቲክ ከረጢትና በካርቶን ነበር። የቡድን ግጥሚያ ከተባለ ከዚያ የሚበልጥ አልተደረገም።

ፕላስተሩ ሦስት ንብርብር አለው። ላዩ ፕላስቲክ፣ መሃሉ የክር መረብ፣ ሥሩ ጎማነት ያለው ማጣበቂያ ነው። ክሩ ሁለት ሥራ ይሠራል። ፕላስተሩ ሲጎተት እንዳይለጠጥ ያደርገዋል፤ ጠርዙ ላይ ጀመር ሲያደርጉት ደግሞ በእጅ አግድም ይቀደዳል። ካርቶን የሚታሸግበት ቡናማ ወይም ነጭ ስስ ፕላስተር እንዲህ አይደለም። እሱ በእጅ አይበጠስም፣ ሲጠበቅ እንደ ገመድ ይሆናል፣ ጠርዙም ቆዳ ይቆርጣል። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ «ያው ነው» ቢሏችሁ ያው አይደለም። ለመለጠፍ ሳይሆን ለመፍታት ሲሉ ባለ ክሩን ግዙ።

አሁን ወደ አገሩ እንምጣ። ሰሜን ሸዋ ላይ አንድ ዓይነት ፕላስተር ሁለት ዓይነት ጠባይ ያሳያል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ ሊኖር ይችላል፤ መንዝ ደግሞ ይብሳል። በብርድ ማጣበቂያው ይደርቅና እምቢ ይላል። ቡድኑም አልያዘም ብሎ አሥር ዙር ይጠመጥማል፤ ቀን ፀሐይ ሲወጣ አሥሩም ዙር አብሮ ይይዛል፣ ያኔ መፍታት ነው ችግሩ። መላው ቀላል ነው፤ ጥቅሉን ጃኬት ወይም ጋቢ ውስጥ ማሞቅ፣ ግጥሚያውን ከረፋድ በኋላ ማድረግ፣ የዙሩን ቁጥር አስቀድሞ መወሰን። ጣርማበርን ተሻግሮ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ነገሩ ይገለበጣል። መንገዱ ከ100 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው፣ አየሩ ግን ሌላ አገር። ማጣበቂያው ይለሰልስና ልብስ ላይ ይቀራል፣ የተጠቀለለው ሰው ደግሞ በላስቲክ ውስጥ ይቀቀላል። እዚያ ጥላ፣ ውኃና አጭር ዙር ግድ ነው። ከፕላስተሩ ሥር ወፍራም ካፖርት መደራረብ የሚያዋጣው ለደጋው ብቻ ነው።

ግድግዳም እንዲሁ ይለያል። የጭቃ ግድግዳ አቧራ ስለሚሰጥ አይይዝም፣ ከያዘም ምርጊቱን ይዞ ይወርዳል። ኖራ የተቀባ ክፍልም ቀለሙን ለፕላስተሩ ያስረክባል። የቆርቆሮ አጥር ጠርዙ ስለሚቆርጥ አይታሰብም። የባሕር ዛፍ ምሰሶ ደግሞ ቢያማልልም ከሁሉም የከፋው እሱ ነው፤ ፕላስተሩ ምሰሶውንና የሰውየውን ደረት አብሮ ስለሚዞር መላቀቂያ የለውም። ለስላሳ ቀለም የተቀባ ሲሚንቶ ወይም ሰፊ ኮምፔንሳቶ ይሻላል።

ታዋቂው ግጥሚያ ሰው መለጠፍ ነው። አንዱ በርጩማ ላይ ይቆማል፣ ጓደኞቹ ግድግዳው ላይ ይለጥፉታል፣ በርጩማው ይወሰዳል፣ ረጅም ሰዓት ተንጠልጥሎ የቆየ ያሸንፋል። አደጋው ያለው በርጩማው ሲወሰድ ነው። ፕላስተር ስለማይለጠጥ፣ ክብደት ሲጎትተው ደረት ላይ ይጠብቃል፤ ሰውየው ተንፍሶ ሲጨርስ መልሶ አየር መሳብ ያቅተዋል። እግር ሳይንቀሳቀስ ሲንጠለጠል ደም ወደ ታች ይከማችና ራስን መሳት ይመጣል። ከላይ ከተላቀቀ ደግሞ እጁ የታሰረ ሰው በፊቱ ነው የሚወድቀው። እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ አንድ የ14 ዓመት ልጅ፣ ጓደኞቹ ቆሞ ሳለ ጠቅልለውት፣ ወድቆ ጭንቅላቱንና ዓይኑ አካባቢን ክፉኛ ተጎድቷል። እሱ ግድግዳ ላይ እንኳ አልወጣም ነበር።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው፤ በርጩማው ይቅር። እግር መሬት ይርገጥ። ማሸነፊያውም ማን ቆየ ሳይሆን ማን አሳመረ ይሁን። ፊት ለፊት ፍራሽ ይነጠፍ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ደጋፊ ይቁም። ፕላስተር ከደረት በታችና ከወገብ በታች፣ ሁልጊዜም በልብስ ላይ ብቻ። አፍ፣ አፍንጫ፣ አንገትና ራቁት ቆዳ አይነካም፤ በቀልድም ቢሆን። ማተብ ያሰረ ሸሚዙ ውስጥ ይክተተው፣ ሹሩባ ያላት ሻሽ ትሰር። አንድ እጅ ከክርን በታች ነፃ ይሁንና የጨርቅ ኳስ ይያዝ። ኳሱ ከወደቀ ጨዋታው አለቀ። ኳሱ የሚያስፈልገው «ተው» የሚባለው ነገር ስለማይታመን ነው። እኛ ዘንድ ሰው እየሳቀ «ተው! ተው!» ሲል ቀጥል ማለቱ ሊሆን ይችላል። የወደቀ ኳስ ግን አይቀልድም።

ያ የማይስቀው ሰው መቀስ ያዡ ነው፤ ከየትኛውም ቡድን አይሆንም፣ ስልክም አይቀርጽም። የሚይዘው ጫፉ ደነዝ የሆነውን የፋሻ መቀስ ነው፤ ጤና ጣቢያ ነርሶች ኪስ ውስጥ የምታዩትን። ሲቆርጥ ከጎን በኩል፣ የመቀሱን ጠፍጣፋ ምላስ ልብስ ላይ አስተኝቶ፣ ከላይኛው ዙር ጀምሮ ወደ ታች። ላይኛው መጀመሪያ የሚፈታው ትንፋሽ ስለማይጠብቅ ነው። አበሻ ቸኮል ሲል እጁ ወደ ምላጭ ይሄዳል። ምላጭ ሜዳው ላይ አይድረስ።

ማን ይጠቅለል የሚለውም መጠየቅ አለበት። አስም፣ የልብ ችግር ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ነፍሰ ጡር፣ ጎማ ቆዳውን የሚያስቆጣው ሰው ይቅር። ከሁሉ የሚረሳው ጾመኛው ነው። ዐቢይ ጾም ወይም ረመዳን ላይ እስከ ቀትር እህል ያልቀመሰ ሰው ቆሞ ቢታሰር ቶሎ ይደክማል፤ ለጾመኛው የዳኝነት ሥራ ስጡት። ሴቶችን ሴቶች ይጠቅልሉ። ለተማሪ የወላጅ ፈቃድ ይቅደም። «እሱ ይለጠፍ» ተብሎ በጭብጨባ የተመረጠ ልጅ ፈቃደኛ አይደለም፤ እጁን ያወጣ ይግባ። መምህር ቢለጠፍ ደግሞ የበለጠ ያስቃል። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ፣ ርዕሰ መምህሩም ለአንድ ቀን አይቆጡም።

ሰው ሳይታሰር የሚሠሩት ግጥሚያዎች ግን ለእኔ ይበልጣሉ። በጋዜጣና በማዳበሪያ ከረጢት ላይ በርኖስ መሥራት፣ በፕላስተር ብቻ ኳስ ጠቅልሎ ፍጹም ቅጣት ምት መምታት፣ ከሸንበቆና ከፕላስተር ድልድይ ሠርቶ ድንጋይ መጫን። ድልድዩ በተለይ ጸጥተኛውን ልጅ ያወጣዋል፤ ጮኾ የሚያዘው ሲሰበርበት፣ ዝም ብሎ ሦስት ማዕዘን የሠራው ይሸከማል።

ቆዳ ላይ ከተለጠፈ አይመንጨቅም። የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ጠርዙን ያራሱት፣ ትንሽ ይጠብቁ፣ ከዚያ ፕላስተሩን በራሱ ላይ አጥፈው በፀጉሩ አቅጣጫ ቀስ እያሉ ይላጡት። ፀጉር ላይ ቅቤም ይሠራል። ቤንዚንና ናፍጣ ቆዳ ስለሚያቃጥሉ ይቅሩ። ጣት የበረደው፣ የደነዘዘው ወይም የጠቆረ ሰው ካለ መሳቁ ቆሞ ወዲያው ይፈታ፤ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ጭንቅላቱን ከተመታ ወደ ጤና ጣቢያ።

ቁርጥራጩን መልቀም የግጥሚያው የመጨረሻ ዙር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ብዙ የለቀመ ቡድን ነጥብ ይጨመርለት። የመንዝ ሜዳ የበግ ግጦሽ ነው፣ በግ ደግሞ ላስቲክ ይበላል። አይቃጠልም፣ ጭሱ መጥፎ ነው። በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ከትምህርት ቤቱ ቆሻሻ ጋር ይሂድ፣ የተረፈው ጥቅል ደግሞ ለጥበቃው ይሰጥ፤ የሚያፈስ ጎማ ቧንቧ አይጠፋውም።