የሕዝብ ሬዲዮ ምንድን ነው? በአሜሪካ የአንድ ቀን የውይይት ሥርጭት የማን ድምፅ ነው?

ኤን ፒ አር (ናሽናል ፐብሊክ ሬዲዮ)፣ ለአሜሪካ የሕዝብ ሬዲዮ ጣቢያዎች ፕሮግራም የሚያዘጋጀውና የሚያከፋፍለው ድርጅት፣ የአሜሪካ መንግሥት ሬዲዮ እንደሆነ ተደርጎ በአማርኛ ጽሑፎችና ትንታኔዎች ሲጠቀስ በተደጋጋሚ ያጋጥመኛል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ተንታኝ፣ በአንድ የከተማ ጣቢያ የቀትር ውይይት ላይ ስልክ ደውሎ የገባ አድማጭ የሰነዘረውን አስተያየት ወስዶ፣ በመጀመሪያ የኤን ፒ አር ዘገባ፣ ቀጥሎም የዋሽንግተን አቋም አድርጎ ሲያቀርበው አዳመጥሁ። ደዋዩ፣ ጣቢያው፣ ኤን ፒ አርና መንግሥት አራት የተለያዩ አካላት ናቸው፤ በዚያ ትንታኔ ውስጥ ግን አንድ አፍ ሆነው ቀረቡ። በፕሮግራም ድልድል ሥራ ላይ ለምንገኝ ሰዎች ይህ እንደ ቀላል ስሕተት የሚታለፍ አይደለም፤ ምክንያቱም የሕዝብ ሬዲዮ የሚባለው ነገር ትርጉሙ ያለው በእነዚህ አካላት መካከል በተሰመረው ድንበር ላይ ነው።

በአሜሪካ የሕዝብ ሬዲዮ ጣቢያ የሚባለው ለትርፍ ያልተቋቋመ ባለፈቃድ የሚያስተዳድረው፣ የንግድ ማስታወቂያ የማይሸጥ፣ ወጪውንም በዋነኛነት ከአድማጮች መዋጮና ከደጋፊ ድርጅቶች የሚሸፍን ጣቢያ ነው። በኤፍ ኤም ሞገድ ላይ ከ88 እስከ 92 ሜጋኸርዝ ያለው የታችኛው ክፍል ለእንዲህ ዓይነት ጣቢያዎች የተከለለ ነው። ፈቃዱን የሚይዘው አንድ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ሳይሆን፣ በአንዱ ከተማ ዩኒቨርሲቲ፣ በሌላው ራሱን የቻለ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ በሌላው ደግሞ የትምህርት ቦርድ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ ማስገባት ይኖርብኛል። ባለፈቃዱ የክፍለ ግዛት ዩኒቨርሲቲ በሚሆንበት ጊዜ ጣቢያው ከመንግሥት አካል ጋር የሕግ ትስስር አለው፤ የኒው ዮርኩ ደብሊው ኤን ዋይ ሲም እስከ 1990ዎቹ ድረስ የከተማው አስተዳደር ንብረት ነበር። ስለዚህ የመንግሥት እጅ ፈጽሞ የለበትም ማለትም ስሕተት ነው። ጥያቄው የትኛው መንግሥት፣ በምን ያህል፣ በምን ላይ የሚለው ነው።

የመደናገሩ ምንጭ ግልጽ ይመስለኛል። አብዛኛው የአማርኛ አድማጭ የሚያውቀው የአሜሪካ ሬዲዮ የአሜሪካ ድምፅ ነው፤ እርሱ ደግሞ በፌዴራል መንግሥት በጀት የሚተዳደር፣ ለውጭ አገር አድማጭ የተቋቋመና ሠራተኞቹ በአብዛኛው በመንግሥት የሚቀጠሩበት ተቋም ነው። ኤን ፒ አር ግን በአሜሪካ ውስጥ ላለ አድማጭ የሚሠራ የግል የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 በሁለቱም ላይ በጥቂት ወራት ልዩነት የበጀት እርምጃ ስለተወሰደ መደባለቁ ባሰ፤ በአንዱ ላይ የተወሰደው ግን መንግሥት የራሱን መሥሪያ ቤት ለመቀነስ ያደረገው ሲሆን፣ በሌላው ላይ የተወሰደው ደግሞ ለሌሎች ይሰጥ የነበረውን ድጎማ ለማቋረጥ ነው።

ድጎማው የመነጨው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1967 ከፈረሙት የሕዝብ ብሮድካስቲንግ ሕግ ነው። ሕጉ ሲረቀቅ ስለ ቴሌቪዥን ብቻ ነበር፤ ሬዲዮ የገባው በኋላ ነው። ሕጉ ገንዘቡን ከኮንግረስ ተቀብሎ ለጣቢያዎች የሚያከፋፍል የሕዝብ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ያቋቋመ ሲሆን፣ የፌዴራል መንግሥት ባለሥልጣናት በፕሮግራም ይዘት ላይ መመሪያም ሆነ ቁጥጥር እንዳይኖራቸው በግልጽ ከልክሏል። ኮርፖሬሽኑ ራሱ አንድም ፕሮግራም አያሠራጭም ነበር። ኤን ፒ አር እ.ኤ.አ. በ1970 ሲመሠረት ደግሞ የመሠረቱት 90 ያህል ጣቢያዎች ናቸው፤ ይህም ማለት ጣቢያዎቹ ኤን ፒ አርን አቋቋሙ እንጂ ኤን ፒ አር ጣቢያዎቹን አላቋቋመም። ይህን ቅደም ተከተል የሳተ ሰው ቀሪውን ሁሉ ይስታል።

ግንኙነቱን ለማስረዳት ከእድር የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የእድር አባላት መዋጮ ይከፍላሉ፣ አመራሩን ከመካከላቸው ይመርጣሉ፣ ድንኳንና ወንበር፣ ድስትና ሳህን በጋራ ያፈራሉ። ኤን ፒ አርም እንዲሁ ነው፤ አባል ጣቢያዎች ክፍያ ይከፍሉታል፣ በቦርዱም ውስጥ በአባላቱ የተመረጡ የጣቢያ ኃላፊዎች ይበዛሉ። ለቅሶ ቤቱ ግን የእድሩ አይደለም። ድንኳኑ በየትኛው በኩል እንደሚተከል፣ በስንት ሰዓት ምን እንደሚቀርብ የሚወስነው ባለቤቱ ነው፤ ከእድሩ ዕቃ በተጨማሪ ከሌላ ሰፈር ድስት ቢዋስም የሚከለክለው የለም። በድንኳኑ ሥር የተቀመጠ አንድ ለቀስተኛ የተናገረውን እድሩ ተናገረ ብሎ የሚያወራ ሰው ቢገኝ፣ መላው ሰፈር ይታዘበዋል። የሬዲዮ ድንኳን ደግሞ የሳተላይት ማሠራጫው ነው። እርሱን የሚያስተዳድረው ኤን ፒ አር ይሁን እንጂ፣ የሌሎች አዘጋጆችና የተፎካካሪዎቹ ፕሮግራሞች ጭምር በዚያው በኩል ወደ ጣቢያዎች ይደርሳሉ። ምሳሌው የማይሠራበት ቦታም አለ። በእድር ሁሉም እኩል ያዋጣል፤ እዚህ ግን ትልቅ ገቢና ብዙ አድማጭ ያለው ጣቢያ ከትንሹ የገጠር ጣቢያ እጅግ የበለጠ ይከፍላል። በተጨማሪም እዚህ አንዱ አባል በቤቱ የሠራውን እድሩ ተቀብሎ ለሌሎቹ አባላት ያዳርሳል፤ በለቅሶ ቤት እንዲህ ያለ አሠራር የለም።

አንድን ተራ የሥራ ቀን ብንከተል ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። ብዙ ጣቢያዎች ሌሊቱን የቢቢሲ ወርልድ ሰርቪስን ያስተላልፋሉ። በምሥራቁ ጠረፍ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ «ሞርኒንግ ኤዲሽን» ይጀምራል፤ ይህ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ኤን ፒ አር ራሱ የሚያዘጋጀው የዜና መጽሔት ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት አካባቢ ጀምሮ ግን የውይይቱ ክፍል ይገባል፤ መደባለቁም የሚበዛው እዚህ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ኬ ኪው ኢ ዲ «ፎረም» የሚባለውን የራሱን ውይይት ያቀርባል፤ በኒው ዮርክ ብራያን ሌረር በደብሊው ኤን ዋይ ሲ ላይ የከተማውን ነዋሪዎች በስልክ ያነጋግራል። እነዚህ የየጣቢያዎቹ ሥራዎች ናቸው፤ ኤን ፒ አር በእንግዳ መረጣቸውም ሆነ በርእሳቸው ላይ ድርሻ የለውም። «ዋን ኤ» የተባለውን ውይይት ደግሞ የዋሽንግተኑ ደብሊው ኤ ኤም ዩ ያዘጋጀዋል፣ ኤን ፒ አር ያከፋፍለዋል። «ፍሬሽ ኤር» የፊላደልፊያው ደብሊው ኤች ዋይ ዋይ ሥራ ነው። «ሂር ኤንድ ናው» የቦስተኑ ደብሊው ቢ ዩ አርና የኤን ፒ አር የጋራ ዝግጅት ነው። አመሻሽ ላይ የሚሰማው «ማርኬትፕሌስ» የአሜሪካን ፐብሊክ ሚዲያ ነው፤ ይህ ድርጅት ከኤን ፒ አር ጋር በጣቢያዎች የአየር ሰዓት ላይ የሚወዳደር ሌላ አከፋፋይ ነው። እንግዲህ አንድ አድማጭ የመኪናውን ሬዲዮ ሳይነካ በአንድ ቀን ውስጥ የአምስትና የስድስት አዘጋጅ ተቋማትን ሥራ ይሰማል ማለት ነው። ኤን ፒ አር ከራሱ ስቱዲዮ ሲያቀርበው የነበረውን «ቶክ ኦቭ ዘ ኔሽን» የተሰኘ የቀትር የስልክ ውይይት ያቋረጠው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰዓት ስልክ ሲያስገባ የሚሰማ ጣቢያ ሁሉ ኤን ፒ አር ነው ብሎ መገመት ከእውነታው ጋር አይገጥምም።

ቀኑን የሚደለድለው የጣቢያው ፕሮግራም ዳይሬክተር ነው። የትኛውን ውይይት እንደሚገዛ፣ ከቀኑ በስንት ሰዓት እንደሚያስቀምጠው፣ የትኛውን ትቶ በምትኩ የአካባቢውን እንደሚያስገባ እርሱ ይወስናል። ውሳኔው ወደ ሰዓቱ ውስጥም ይዘልቃል። ኤን ፒ አር የሚያዘጋጀው የአንድ ሰዓት ፕሮግራም በሰከንድ የተከፋፈለ ንድፍ አለው፤ ሰዓቱ የሚከፈተው 59 ሰከንድ በሚወስድ የይዘት ማስተዋወቂያ ሲሆን፣ ዜናው ከዚያ ይከተላል። ጣቢያው የዜናውን ሁለተኛ ክፍል በራሱ የአካባቢ ዜና ሊሸፍነው ይችላል፤ በሰዓቱ ውስጥም የአየር ሁኔታን፣ የመንገድ መረጃንና የራሱን ዘጋቢ ሥራ የሚያስገባባቸው ክፍተቶች ተትተውለታል። ጥሩ የስቱዲዮ ሰው እነዚህን ክፍተቶች አድማጭ መጋጠሚያቸውን ሳያውቅ ይሞላቸዋል። ለዚህም ነው ከብሔራዊው ፕሮግራም መካከል የሰማነውን ሁለት ደቂቃ የማን እንደሆነ ሳያጣሩ መጥቀስ አደገኛ የሚሆነው።

ወደ ደዋዩ እንመለስ። በስልክ ውይይት ላይ ወደ አየር የሚገባ ሰው አስቀድሞ በአንድ ረዳት አዘጋጅ ይጠየቃል፤ ስሙ፣ ሰፈሩና ሊናገር ያሰበው ፍሬ ነገር በአቅራቢው ስክሪን ላይ ይሰፍራል። ድምፁም በጥቂት ሰከንዶች ዘግይቶ ይሠራጫል፤ ይህም የሥርጭት ተቆጣጣሪው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ የሚከለክለው ጸያፍ ንግግር እንዳያመልጥ ነው። ተንታኙ ይህን ማጣሪያ የሐሳብ ማጽደቂያ አድርጎ ወስዶታል፤ ተጣርቶ የገባ ስለሆነ ጣቢያው ያምንበታል የሚል መደምደሚያም ሰጥቷል። ማጣሪያው የሚያየው ሰውየው በርእሱ ላይ መሆኑን፣ አጭር መናገር መቻሉንና ካለፉት ደዋዮች የተለየ ነገር ይዞ መምጣቱን ነው። እንዲያውም አዘጋጆች አብዝተው የሚፈልጉት ከእንግዳው ጋር የማይስማማውን ደዋይ ነው፤ ሁሉም ደዋይ ከተስማማ ውይይቱ ይሞታልና።

ከዚሁ ጋር የሚነሳው የሚዛናዊነት ነገር ነው። የ1967ቱ ሕግ ኮርፖሬሽኑ አከራካሪ በሆኑ ፕሮግራሞች ወይም ተከታታይ ፕሮግራሞች ላይ ለገለልተኝነትና ለሚዛናዊነት ጥብቅ ትኩረት እንዲሰጥ ያዛል። ተከታታይ የሚለው ቃል በሕጉ ውስጥ ያለ ምክንያት አልገባም። በአንድ ሰዓት ውስጥ የተጋበዙትን እንግዶች በጣት ቆጥሮ ጣቢያው አድሏል ማለት፣ ሰኞ የቀረበው እንግዳ ሐሙስ መልስ ያገኘ መሆኑን አለማየት ነው። ይህን ስል የሕዝብ ሬዲዮ ከአድልዎ ነፃ ነው ማለቴ አይደለም፤ ትችቱ ተገቢ የሚሆነው ግን የጣቢያው የሳምንታት ድልድል ሲመረመር ነው።

ስለ ገንዘቡ ባጭሩ ልጥቀስ። ኤን ፒ አር በቀጥታ ከፌዴራል ምንጭ የሚያገኘው ከጠቅላላ ገቢው 1 በመቶ አካባቢ እንደነበር ራሱ ይገልጽ ነበር፤ በተዘዋዋሪ ግን ጣቢያዎች ከድጎማው ከፍለው ፕሮግራሞቹን ይገዙ ስለነበር ድርሻው ከዚያ ይሰፋ ነበር። የድጎማው ደጋፊዎችም ተቃዋሚዎችም የሚመቻቸውን ቁጥር ብቻ ይመዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ኮንግረስ ለኮርፖሬሽኑ አስቀድሞ የመደበውን ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰረዘ፤ ኮርፖሬሽኑም ሥራውን እንደሚዘጋ በቀጣዩ ወር አስታወቀ። ክፉኛ የተጎዱት በስሙ የሚታወቀው ኤን ፒ አር ሳይሆን፣ ሌላ ደጋፊ የሌላቸው የገጠርና የነባር ሕዝቦች ጣቢያዎች ናቸው። በአየር ላይ የሚሰማው የደጋፊ ድርጅቶች ምስጋናም ማስታወቂያ አይደለም፤ ዋጋ መጥቀስ፣ ከሌላው ይበልጣል ማለት፣ ግዙ ብሎ መቀስቀስ በደንቡ የተከለከለ ነው።

እንግዲህ ከእንዲህ ያለ ውይይት መጥቀስ የሚፈልግ ሰው የፕሮግራሙን መዝጊያ ይስማ። አቅራቢው በመጨረሻው ደቂቃ ያዘጋጀውን ተቋምና ያከፋፈለውን ተቋም ለየብቻ ይናገራል፤ ይዘቱን በተመለከተ ተጠያቂው የመጀመሪያው ነው። የቀትር ውይይት ብዙውን ጊዜ ማታ እንደገና ስለሚተላለፍም፣ ቀኑን ከጣቢያው የሥርጭት ሰሌዳ ላይ ማመሳከር ያስፈልጋል፤ በድጋሚው ላይ የስልክ ቁጥሩ ተቆርጦ ስለሚወጣ ቀጥታ የነበረውን ከድጋሚው መለየት ለአዲስ አድማጭ ያስቸግራል።