ሐኪምን በደብዳቤ ማማከር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓ አንድ ሕመምተኛ የሕመሙን ታሪክ በወረቀት አስፍሮ በሩቅ አገር ለሚኖር ስመ ጥር ሐኪም መላኩ፣ ምክሩንም በፖስታ መቀበሉ የተለመደ ነገር ነበር። በስኮትላንድ ኤዲንብራ ሕክምና ያስተምር ለነበረው ለዊሊያም ከለን (1710–1790) እና በስዊዘርላንድ ሎዛን ይኖር ለነበረው ለሳሙኤል ኦጉስት ቲሶ (1728–1797) የተጻፉት ደብዳቤዎች ዛሬም በብዛት በቤተ መዛግብት ተጠብቀው ይገኛሉ፤ እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስለዚህ ልማድ በሰፊው የሚታመኑት አንዳንድ ነገሮች ግን ከእውነታው የራቁ ስለሆኑ፣ እነዚያ ሰዎች ሕመማቸውን በቃላት ለመግለጽ ያደረጉት ጥንቃቄ የሚገባውን ግምት ሳያገኝ ቀርቷል።

«ደብዳቤ የሚጽፈው በአካባቢው ሐኪም ያጣ ሰው ነበር»

ሐኪም ከማይደርስበት ገጠር የሚጽፍ ሰው በእርግጥ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጠያቂው በአቅራቢያው ሐኪም ወይም መድኃኒት ቀማሚ ያለው፣ ሕክምናም የጀመረ ሰው ሲሆን፣ የሚጽፈውም የተሻለ ዕውቀት አለው ብሎ ከሚያምንበት ሰው ተጨማሪ አስተያየት ለማግኘት ነበር። ለከለን ከደረሱት ደብዳቤዎች ብዙዎቹን የጻፉት ሕመምተኛውን በቅርብ ይከታተሉ የነበሩ ሐኪሞች ናቸው። የመዝገበ ቃላት አዘጋጁ ሳሙኤል ጆንሰን በ1784 በአስምና በሰውነት እብጠት ሲሠቃይ፣ ለንደን ላይ እንደ ዊሊያም ሄበርደን ያሉ አንቱ የተባሉ ሐኪሞች ነበሩት፤ እንዲያም ሆኖ ወዳጁ ጄምስ ቦስዌል ለከለንና ለሌሎች የኤዲንብራ ሐኪሞች ጽፎ ምክራቸውን ጠይቆለታል። በብሪታንያ ዋና ከተማ፣ በታወቁ ሐኪሞች ተከቦ ለሚኖር ሰው ምክር ከስኮትላንድ መጠየቁ ደብዳቤው የችግረኛ መጠጊያ ብቻ እንዳልነበረ በግልጽ ያሳያል።

«ሐኪሙ ሕመምተኛውን ካላየ የሚሰጠው ምክር ግምት ብቻ ነበር»

ከሁሉም ሥር የሰደደው አስተሳሰብ ይህ ነው፤ ስህተቱም የሚመነጨው የዛሬን ምርመራ ወደዚያ ዘመን ወስዶ ከማሰብ ነው። ሬኔ ላኤኔክ የደረት ማዳመጫን በፓሪስ የፈለሰፈው በ1816 ሲሆን፣ የሰውነት ሙቀት መለኪያ በሐኪሞች ዘንድ የዘወትር መሣሪያ የሆነው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ፣ ራጅ የተገኘው ደግሞ በ1895 ነው። ከዚያ በፊት ሐኪሙ አልጋው አጠገብ ቢቀመጥ እንኳ የልብ ትርታን ይዳስሳል፣ ምላስን ያያል፣ ሽንትን ይመለከታል፤ ከዚህ የሚያልፈው ምርመራ ጥቂት ስለነበር ዋናው ማስረጃ የሕመምተኛው የራሱ ቃል ነበር። ሕመሙ መቼ ጀመረ፣ ከምን በኋላ ባሰ፣ እንቅልፍና ምግብ እንዴት ናቸው የሚሉት ነገሮች ደግሞ በጥንቃቄ ከተጻፉ በወረቀት ላይ ቢነበቡም ፋይዳቸው አይጠፋም፤ እንዲያውም ተረጋግቶ የጻፈ ሰው ሐኪም ፊት ተጨንቆ ከሚናገረው የተሟላ ታሪክ ሊሰጥ ይችላል።

ቲሶ ይህን በሚገባ ተረድቶ ነበር። በ1761 ለሕዝቡ ስለ ጤና ምክር የሚሰጥ መጽሐፍ ሲያሳትም፣ ሐኪም የሚያማክር ሰው አስቀድሞ መልስ ሊያዘጋጅላቸው የሚገቡ ጥያቄዎችን ዘርዝሮ አካተተበት። ዕድሜው ስንት ነው? ቀድሞ ጤነኛ ነበር? አኗኗሩ እንዴት ነው? ትኩሳት አለው? ሕመም የሚሰማው የት ላይ ነው? ይጠማዋል? አፉን ምን ምን ይለዋል? ሽንቱና ሰገራው እንዴት ነው? ስለ ሴቶች የወር አበባና እርግዝና፣ ስለ ሕፃናት ደግሞ ጥርስና የሆድ ትል የሚጠየቁ ለብቻቸው ተቀምጠዋል። የዛሬ ሐኪም ታካሚውን ሲቀበል ከሚጠይቃቸው ብዙዎቹ በዚህ ዝርዝር ውስጥ አሉ፤ ለእኔ ይህ አሠራር በጭፍን ይገምት የነበረ ሰው ሥራ አይመስለኝም።

ደብዳቤው ጥሩ ነበር ማለት ሕክምናው ያድን ነበር ማለት እንዳልሆነ ግን መካድ አይገባም። የጀርሞች ሚና አይታወቅም ነበር፤ ደም ማፍሰስና ሆድ የሚያስቀምጥ ጠንካራ መድኃኒት መስጠትም በሰፊው ይሠራበት ነበር። ሆኖም ይህ ጉድለት አልጋው አጠገብ የቆመውንም ሐኪም እኩል የሚመለከት የዘመኑ ዕውቀት ጉድለት እንጂ ርቀት ያመጣው አልነበረም።

«መልሱ የመድኃኒት ማዘዣ ብቻ ነበር»

መድኃኒት መታዘዙ አልቀረም፤ ነገር ግን ከመልሱ ሰፊውን ቦታ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ስለ አኗኗር የሚሰጠው ምክር ነበር። ከጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም ከጌለን ዘመን ጀምሮ የወረደው ትምህርት ጤና በስድስት ነገሮች ሥርዓት እንደሚጠበቅ ያስተምር ነበር፤ እነሱም አየር፣ ምግብና መጠጥ፣ እንቅልፍና ንቃት፣ እንቅስቃሴና ዕረፍት፣ ከሰውነት የሚወጣውና የሚቀረው፣ እንዲሁም የስሜት ሁኔታ ናቸው። በመሆኑም ከለን ምን መበላት እንዳለበትና ምን መተው እንዳለበት፣ ብርድን እንዴት መከላከል እንደሚገባ በዝርዝር ይጽፍ ነበር፤ በፈረስ መጋለብንም ደጋግሞ ይመክራል።

«ደብዳቤው በሕመምተኛውና በሐኪሙ መካከል የሚቀር ምስጢር ነበር»

ደብዳቤውን ሕመምተኛው ራሱ፣ የትዳር ጓደኛው፣ ወላጁ፣ ቄስ ወይም የአካባቢው ሐኪም ሊጽፈው ስለሚችል ምስጢሩ ገና ከመነሻው በብዙ ሰዎች እጅ ያልፍ ነበር። በሐኪሙም ቤት እንዲሁ ነበር። የከለን መልሶች መጀመሪያ በጸሐፊዎች እጅ መዝገብ ላይ ይገለበጡ ነበር፤ ከ1781 ጀምሮ ግን መሐንዲሱ ጄምስ ዋት አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የባለቤትነት መብት ባገኘበት የመገልበጫ መሣሪያ መጠቀም ጀመረ። መሣሪያው ቀለሙ ገና ትኩስ በሆነው ደብዳቤ ላይ ስስ እርጥብ ወረቀት አድርጎ ይጫነዋል፤ ቀለሙ ወደ ስሱ ወረቀት ተገልብጦ ስለሚያልፍም ጽሑፉ ከጀርባ በኩል አቅንቶ ይነበባል። ዛሬ የሐኪሙን ምላሽ ከጥያቄው ጋር አጣምረን ማንበብ የቻልነው እነዚህ ቅጂዎች ስለተቀመጡ ነው። ቦስዌልም ከለን ስለ ጆንሰን ከሰጠው መልስ የተወሰነውን በኋላ ባሳተመው የጆንሰን የሕይወት ታሪክ ውስጥ አትሞታል።

«የሀብታሞች ቅንጦት ነበር»

ይህኛው በከፊል እውነት ነው፤ አብዛኞቹ ጠያቂዎች የተማሩና ገንዘብ ያላቸው ነበሩ። በብሪታንያ የፖስታ ዋጋ የሚሰላው በርቀትና በወረቀቱ ብዛት ስለነበር፣ ሰዎች ለፖስታ ማሸጊያ ሌላ ወረቀት ላለመጨመር ደብዳቤውን ራሱን አጥፈው በሰም ያሽጉት ነበር። ሆኖም ሌላ ሰው የጻፈለት ድሃም ነበር፤ የቲሶ መጽሐፍም የተዘጋጀው ቄሶችና የትምህርት ቤት መምህራን በአካባቢያቸው ያለውን የገጠር ሕዝብ እንዲረዱበት ጭምር ነው።

«ልማዱን ያስቀረው ስልክ ነው»

ስልክ ከመምጣቱ ብዙ ቀደም ብሎ ደብዳቤው በሕክምና የነበረውን ክብደት ማጣት ጀምሮ ነበር። በፓሪስ ሆስፒታሎች የተስፋፋው አዲስ አሠራር ሐኪሙ ደረትን እንዲያንኳኳና እንዲያዳምጥ አደረገው፤ ሐኪሙ በጆሮው የሰማውን የሳንባ ድምፅ ደግሞ የትኛውም ሕመምተኛ ሊጽፍለት አይችልም። በደብዳቤ ማማከሩ በአንድ ጊዜ አልቆመም፤ ነገር ግን ብሪታንያ በ1840 የፖስታ ዋጋን ወደ አንድ ፔኒ አውርዳ ለሁሉም ስታቀርበው፣ ሐኪሞች ከሕመምተኛው ቃል ይልቅ በራሳቸው ምርመራ ላይ መተማመን ጀምረው ነበር።