ለቅሶ ቤት ምን ይባላል?

በአማርኛ ለቅሶ «ይደረሳል»። ሐዘንተኛ ቤት ሄዶ የመጣ ሰው «ለቅሶ ደርሼ መጣሁ» ነው የሚለው። ትልቁ ነገር መድረሱ ነው፤ የሚባለው ነገር አጭር ነው።

እንግዳው ድንኳን ይገባል፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ዝም ይላል። ነጠላዋን ዘቅዝቃ የለበሰችው እናት አዲስ ሰው ስታይ እንባዋ ይመጣል፤ አጠገቧ ያሉትም አብረዋት ያለቅሳሉ። የእድር ሴቶች ንፍሮ ያዞራሉ። ቆየት ብሎ እንግዳው ብድግ ይልና «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል። «አሜን።» በቃ፣ ይሄው ነው።

ጽሑፍ ላይ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይበዛል፤ ትርጉሙ ያው ነው። ለሟች «ነፍስ ይማር» ይባላል። ሙስሊም ቤት ደግሞ «አላህ ይዘንለት»፣ ለቤተሰቡም «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ»። «ሞተ» ማለት ስለሚከብድ «አረፈ» ይባላል።

ከሁሉ የሚከብደው መርዶ ነው። ብዙ ጊዜ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ይነገራል። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችንም ይህን አልተዉትም። ከአገር ቤት ስልክ የሚደወለው ለጓደኞቹ ነው እንጂ ለሐዘንተኛው አይደለም። እነሱ ተጠራርተው፣ ሥራ ሳይሄድ በሩን ያንኳኳሉ። በዚያ ሰዓት ያን ሁሉ ሰው በሩ ላይ ያየ፣ ሳይነገረው ይገባዋል።

ሳይታሰብ የሚያቆስሉ ቃላትም አሉ። «ምን ነክቶት ነው?» የሚል ሰው በመጣ ቁጥር እናት የሆስፒታሉን ነገር ከሀ ጀምራ ትተርካለች። «ዕድሜ ጠግበዋል» የሚለውም ማጽናኛ አይመስለኝም፤ የ80 ዓመት እናትም እናት ናት። «በቃ፣ አታልቅሺ» ከማለት ማስለቀስ ይሻላል። የድሮ አልቃሾች ይህን ያውቁ ነበር፤ በሙሾ የሟችን ስም እየጠሩ ደግነቱን ያነሱ ነበር። ዛሬም «ልጄን ትምህርት ቤት ያስመዘገበልኝ እሱ ነው» የምትል ጎረቤት ከማንም በላይ ታጽናናለች።

ብዙ ቤት ድንኳኑ በሠልስት፣ በ3ኛው ቀን፣ ይነሳል። በ40ኛው ቀን ተዝካር አለ። መሀሉ ላይ ግን ቤቱ ጭር ይላል። ዘግይቶ የሰማ ሰው «አፍሬ ቀረሁ» ማለት የለበትም፤ «ሳልሰማ ቀርቼ ነው» ብሎ ይግባ። ያኔ ነው ጎረቤቶች ረከቦት ይዘው «ቡና እዚህ እናፍላ ብለን መጣን» የሚሉት።