«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»፦ የአባባሉ ፍቺና የደሴ ብርድ

ይህ አባባል አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ተጣድፎ ትዳር ለያዘ፣ ሳይመክር ንግድ ለጀመረ፣ ሳያነብ ውል ለፈረመ ሰው ነው። በጥድፊያ የተያዘ ነገር አይጸናም፤ በመጣበት ፍጥነት ይሄዳል ማለት ነው። ብርድ ሲገባ ግን ደሴ ውስጥ አባባሉ ወደ ተነሣበት ወደ ወገብና ወደ እግር ይመለሳል፤ በተለይ ዕድሜያቸው ለገፋ አባቶችና እናቶች።

መነሻው አለባበሳችን ነው። ቁልፍና ዚፕ ባልተለመደበት ዘመን ልብስን በሰውነት ላይ የሚያጸናው መታጠቂያ ነበር። ሴቷ መቀነቷን፣ ወንዱ ድጉን ወገቡ ላይ ደጋግሞ ይጠመጥማል። ይህን በወጉ ለማድረግ ቆም ማለት፣ ማጥበቅ፣ ጫፉንም መወሸቅ ያስፈልጋል። በደንብ የታጠቀ ሰው ወገቡ ይደገፋል፣ ልብሱም ከእግሩ ጋር አይጠላለፍም። እየሮጠ የጠመጠመው ግን ስለሚላላ የገዛ እርምጃው ይፈታዋል። ወደ ኮምቦልቻና ወደ ቆላው ወረድ ሲባል ሽርጥ የሚያዘወትሩ አባቶች ይህን ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። ከቤት ሳይወጡ አጥፈው ያጠበቁት ሽርጥ ገበያ ደርሶ ይመለሳል፤ እየሄዱ ያስገቡት መንገድ ላይ ያስቆማቸዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። አባባሉ ሩጫን አይነቅፍም፤ የሚነቅፈው አስተጣጠቅን ነው። ቆመህ ታጠቅ፣ ከዚያ ሂድ ይላል። በየቤቱ ግን በተቃራኒው ሲተረጎም እንሰማለን፦ «አባባ፣ ዛሬ ብርድ ነው፤ አርፈው ይቀመጡ»፣ «እማማ፣ ጭቃው ያዳልጣል፤ የትም አይሂዱ»። ከፍቅር የመጣ ቃል ነው፤ ጉዳቱ ግን ብዙ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ቤት የዋለ አረጋዊ የጭኑ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ሚዛኑን የመጠበቅ ችሎታው ይቀንሳል። መንገዱ ሲደርቅ የሚወጣው ከበፊቱ በደከመ እግር ነው፤ ያን ጊዜ መውደቅ ይቀርበዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ፣ 3 ቀን ደግሞ ሚዛንን የሚያለማምድ እንቅስቃሴ ይመክራል። 150 ደቂቃ ለአምስት ቀን ሲከፈል በቀን 30 ደቂቃ ነው። ያን ያህል የማይችል ሰው አቅሙ የፈቀደውን ያድርግ፤ ትንሹም ይጠቅማል።

ብርዱ ቀልድ አይደለም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። በክረምት ጉሙና ጭቃው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ የንጋቱ ውርጭ አለ። ሰውነት ሲበርደው የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ልብም የበለጠ ትሠራለች። ዕድሜ ሲገፋ ብርድንም ጥማትንም ቶሎ ማወቅ ስለሚቀንስ ሰውየው «አልበረደኝም» እያለ ሰውነቱ ሊቀዘቅዝ ይችላል።

ስለዚህ ትጥቁ የሚጀምረው ከአልጋ ነው። ለሱብሒ ሰላት ወይም ለኪዳን ጎሕ ሳይቀድ የሚነሡ አረጋውያን በከተማችን ብዙ ናቸው። ጥሪው ሲሰማ ከብርድ ልብስ ውስጥ ወጥቶ በአንዴ መቆም አደገኛ ነው፤ በተለይ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲነሣ ሊያዞረው ይችላል። መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ማለት፣ ቁርጭምጭሚትን ማዞር፣ ጉልበትን ማጠፍና መዘርጋት፣ ከዚያ ግድግዳ ይዞ መቆም ይሻላል። ቤት ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ወዲያ ወዲህ ማለት ጡንቻን ያፍታታል። ጠንካራ ወንበር ላይ በእጅ ሳይደገፉ መነሣትና መቀመጥም የጭንን ጡንቻ ያበረታል፤ ዝናብ በሚያግድበት ቀን ጥሩ ሥራ ነው። አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ ግን አለኝ፦ ለመሞቅ ተብሎ በተዘጋ ክፍል ከሰል አይቀጣጠል። ጢሱ ባይታይም የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፤ ይገድላል።

አለባበስ ላይ ከአንድ ወፍራም ይልቅ ሁለት ሦስት ስስ ልብስ መደራረብ ይመረጣል፤ ሲሞቅ አንዱን ማውለቅ ይቻላል። ጋቢው ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ጫፉ ከጉልበት በታች ተንጠልጥሎ ዳገት መውጣት ያደናቅፋል። ከፍ አድርጎ ማጣፋት ወይም ከሥር ሹራብ ለብሶ ጋቢውን ቤት መተው ነው። ጫማ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ነጠላ ጫማና ሶሉ ያለቀ ጫማ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ እግር አይዙም። ተረከዝን የሚሸፍን፣ ሶሉ ሻካራ፣ ማሰሪያው ተቀምጠው የታሰረ ጫማ ያስፈልጋል።

ከዘራ ለማጌጫ ብቻ የሚይዙ አባቶች አሉ፤ እጀታው እጅ ወደ ታች ሲንጠለጠል አንጓ ላይ የሚደርስ፣ ጫፉም ጎማ ያለው ከሆነ እውነተኛ ድጋፍ ይሆናል። የሚያመው ቀኝ እግር ከሆነ ከዘራው በግራ እጅ ይያዛል። ብዙ ሰው በሚያመው በኩል ይይዛል፤ ትክክል አይደለም።

ሰዓት መምረጥም ትጥቅ ነው። ግዴታ ከሌለ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ጉሙ ሲገለጥ መውጣት ይሻላል። ጨለማ ውስጥ መውጣት ግድ ከሆነ ባትሪና አብሮ የሚሄድ ጎረቤት ያስፈልጋሉ። የደሴ መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ዳገቱ ትንፋሽ ይፈትናል፣ ቁልቁለቱ ግን የበለጠ ያዳልጣል፤ ስለዚህ ሲወርዱ እርምጃን ማሳጠር። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች አየሩ ይለዝባል፤ እዚያ ልጅ ወይም ዘመድ ያለው አረጋዊ ከባዱን የብርድ ወቅት እዚያ ቢሰነብት እግሩን ሳያሳርፍ ያሳልፈዋል።

ልክ የሆነ እርምጃ እያወሩ የሚሄዱበት፣ ለመዝፈን ግን ትንፋሽ የሚያጥርበት ነው። ደረት ከጨነቀ፣ ካዞረ፣ ትንፋሽ ካልተመለሰ እዚያው ማቆም፣ ሰው መጥራትና ወደ ሕክምና መሄድ ይገባል። የልብ ሕመም ወይም የስኳር በሽታ ያለበት ሰው አዲስ እንቅስቃሴ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ከወጡ በኋላም ውኃ መጠጣት አይረሳ፤ ቡናው ውኃውን አያስተው።

የወደቀም ሰው አይጣደፍ፤ አጠገቡ ያሉም እጁን ጎትተው አያንሡት። ተጋድሞ የትኛው አካሉ እንዳመመው ይለይ። ካላመመው በጎኑ ይዙር፣ በጉልበቱ ይንበርከክ፣ የጸና ነገር ይዞ ቀስ ብሎ ይነሣ። ዳሌው ካመመው ወይም እግሩ ካልታዘዘው ሳይንቀሳቀስ ጋቢ ይደረብለትና ሕክምና ይጠራለት። ራሱን የተመታና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ግን ደህና ነኝ ቢልም በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።