ቢጫ መብራት ሲበራ መቆም ነው ማለፍ?

ብዙ አሽከርካሪ ቢጫን «ፍጠንና እለፍ» ብሎ ነው የሚረዳው። ደንቡ ግን በብዙ አገር፣ በደህና መቆም ከቻልክ ቁም ነው የሚለው፤ ማለፍ የሚፈቀደው የመቆሚያው መስመር አጠገብ ደርሶ ድንገተኛ ፍሬን ካልያዘ በቀር መቆም ለማይችል ነው።

ችግሩ ያለው መሀል ላይ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። አሽከርካሪው መብራቱን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ 1 ሰከንድ ቢፈጅበትና ሳያንገጫግጭ ቢይዝ፣ ለመቆም 45 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ቢጫው ለ2 ሰከንድ ብቻ ከበራ ግን በዚያ ጊዜ የሚጓዘው 28 ሜትር ነው። እንግዲህ ከመስመሩ 35 ሜትር ላይ ያለ ሰው መቆምም አይችል፣ ቀዩ ሳይበራ መድረስም አይችል። ጥፋቱ የእሱ ሳይሆን የመብራቱ ሰዓት አሞላል ነው። ለዚህ ፍጥነት ቢጫው ከ3 ሰከንድ ትንሽ መብለጥ አለበት፤ ለ70 ኪሎ ሜትር ደግሞ ከ4 ሰከንድ በላይ። ቁልቁለት ከሆነ ይጨመራል። ከልክ በላይ ማርዘሙም አይበጅም፤ ሰዉ ይለምደውና እንደ አረንጓዴ ይቆጥረዋል።

ከቢጫ ቀጥሎ ሁሉም አቅጣጫ ለአፍታ ቀይ ቢሆን መብራቱ ተበላሽቶ አይደለም። መጨረሻ ላይ የገባው መኪና መስቀለኛውን ለቅቆ እንዲወጣ ነው፦ የሚሻገረው መንገድ ስፋት 20 ሜትር፣ የመኪናው ርዝመት 6 ሜትር ቢሆን፣ በ50 ፍጥነት 2 ሰከንድ ገደማ ይበቃል። ይህች ጊዜ ከቀረች፣ አረንጓዴ እንደበራለት የሚነሳው መኪና የሌላውን ጎን ይመታል። የጎን ግጭት የሚከፋውም ከፊት ሞተሩ፣ ከኋላ የዕቃ መጫኛው ምቱን ሲቀበሉ፣ ከጎን ግን በሩ ብቻ ስለሆነ ነው።